ከካንሰር ሕክምና በኋላ የምርመራን ውጤት ስለ መጠበቅ፤ አጭር ታሪካዊ ጥናት

የካንሰር ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናውን፣ መድኀኒቱንና ጨረሩን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዘመድ ወዳጁ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይለዋል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ከጥቂት ወራት በኋላ በቀጠሮው ቀን ወደ ሆስፒታል ተመልሶ በመሣሪያ ይነሣል፤ ከዚያም ውጤቱን ይጠብቃል። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» እንደሚባለው፣ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ እጅግ እንደሚከብዳቸው ብዙ ሕሙማን ይናገራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ መጠበቅ ከየት እንደ መጣ ነው። ምክንያቱ የመሣሪያው መዘግየት ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የታከመን ሰው ተከታትሎ መጠየቅ ራሱ በትግል የመጣ ልማድ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን፣ ሆስፒታል ሁሉ ሕክምናው የመጨረሻ ፍሬ ማስገኘቱን ማወቅ አለበት ብሎ ይከራከር ነበር። በ1911 የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፍቶ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ካርድ አበጀ፤ በካርዱም ላይ ሕመሙን፣ የተደረገለትን ሕክምናና ቆይቶ የተገኘበትን ሁኔታ ይጽፍ ነበር። እስከ 1916 ድረስ ሆስፒታሉ ባሰናበታቸው 337 ሕሙማን ላይ 123 ስሕተቶች መፈጸማቸውንም ሳይሸሽግ አሳተመ። ይህ ግልጽነቱ ከብዙ የሙያ ጓደኞቹ ጋር አጣላው። እርሱ ግን ሐሳቡን ሳይተው በ1920 የአጥንት ካንሰር ሕሙማን የሚመዘገቡበትን መዝገብ አቋቋመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በኮድማን ሥርዐት ጠያቂው ሐኪሙ፣ መላሹም ሕመምተኛው ነበር። «እንዴት ሰነበትህ?» ብሎ መልሱን በጉጉት የሚጠብቀው ሆስፒታሉ ነበር ማለት ነው።

ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠው የሰውነትን ውስጥ የሚያሳዩ መሣሪያዎች እየበረከቱ ሲሄዱ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን በኅዳር 1895 ያገኘው ራጅ አጥንትንና ሳንባን ቢያሳይም፣ እንደ አንጎል ያሉትን ለስላሳ ክፍሎች ለይቶ ለማሳየት አልቻለም። ይህን ችግር ያቃለለው የእንግሊዙ መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ነው። የሚሠራውም የሙዚቃ ሸክላ በማሳተም በታወቀው በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራው 28,000 ልኬቶችን ለመሰብሰብ 9 ቀን፣ ልኬቶቹንም በኮምፒዩተር አስልቶ ሥዕል ለማውጣት 2 ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ ከዶክተር ጄምስ አምብሮስ ጋር ሆኖ፣ በአንጎሏ ውስጥ እጢ አለ ተብሎ የተጠረጠረችን አንዲት ሴት አነሣ። ልኬቱ በቴፕ ተቀርጾ ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ተላከ፤ ሥዕሉም ሲመለስ የእጢውን ቦታ በግልጽ አሳየ። በዚያን ጊዜ ሐኪሙም እንደ ሕመምተኛዋ ውጤት ጠባቂ ነበር። ሃውንስፊልድም በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ዛሬ ሲቲ ስካን ደረትንና ሆድን በሴኮንዶች ውስጥ ያነሣል። ዘጠኙ ቀን ወደ ሴኮንድ ሲወርድ የሕመምተኛው መጠበቅ ግን በዚያው መጠን አላጠረም። ሥዕሉን ባለሙያ ማንበብ፣ ከቀድሞው ሥዕል ጋር ማስተያየትና ሪፖርት መጻፍ አለበት፤ ከዚያም የሐኪሙ ቀጠሮ መድረስ አለበት። ስለዚህ መጠበቁ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ሰው አሠራር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በአገራችንም የጨረር ሕክምና ለረዥም ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው መጠበቅ ማለት የልብ ጭንቀት ብቻ ሳይሆን፣ የማደሪያና የስንቅ ጉዳይም ነው።

በአሜሪካ ይህን ጊዜ በሕግ ለማሳጠር ተሞክሯል። በ2016 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ለሕመምተኛው በኮምፒዩተር እንዲደርሰው ታዘዘ። መጠበቁ አጠረ፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሰው ክፉውን ወሬ ሐኪሙ ሳይነግረው ብቻውን የሚያነብ ሆነ። ደግሞም ሥዕሉ የሕመምተኛውን ጥያቄ በሙሉ አይመልስም። እርሱ የሚጠይቀው «ድኛለሁን?» ብሎ ነው፤ ሪፖርቱ የሚመልሰው ግን «የበሽታው ምልክት አልታየም» ብሎ ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆነ እጢ በሥዕሉ ላይ ላይታይ ይችላልና ሐኪሙ ከዚህ አልፎ ሊምል አይችልም። ስለዚህ መልካም ውጤት ያገኘውም ሰው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ እንደ ገና ጠባቂ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ መጠበቁ ሁለት ክፍል ያለው መሆኑን ነው። አንደኛው ከበሽታው ጠባይ የሚመጣ ነው፤ እርሱን የሚያስቀር መሣሪያ እስካሁን አልተገኘም። ሁለተኛው ግን ሰው የሠራው ስለሆነ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። ውጤቱ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚነግረውና ቢዘገይ ማንን እንደሚጠይቅ ሕመምተኛው በተነሣበት ዕለት ቢነገረው፣ አዲስ መሣሪያ መግዛት ሳያስፈልግ ሸክሙ ይቀልለታል። ኮድማን በካርዱ የጀመረው «እንዴት ሰነበትህ?» የሚለው ጥያቄ ከሆስፒታሉ በኩል መምጣቱን እንዳያቋርጥ ማድረግ፣ ከሥዕሉ ፍጥነት የማያንስ የሕክምና ክፍል ነው ብለን እናምናለን።