ሽቦ አልባ ማውስ ሲንቀረፈፍ፦ ጥፋቱ የማውሱ ነው ወይስ የጎረቤቱ?

የማውስ ቀስት እጅን ዘግይቶ የሚከተል፣ ቆም ብሎ የሚዘልል ወይም ሲጫኑት የማይታዘዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ማውሱ ተበላሽቷል» የሚል ነው። ነገር ግን ሽቦ አልባ ማውስ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አጠገቡ በተሰካ ሌላ የዩኤስቢ ዕቃ ምክንያት ሊንቀረፈፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው አዲስ ማውስ መግዛት ሳይሆን ዕቃዎቹን ማራራቅ ነው።

ጉዳዩ የከተማ ቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት እና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ማሾ፣ ሽንኩርት እና ማንጎ አምራች ነው። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩ ሰብሎች አንዱ ነው። አርሶ አደሩ ያስረከበው ምርት በኮምፒዩተር በሚመዘገብበት ቦታ ሁሉ የማውስ መዘግየት ሥራ ከማጓተት አልፎ ስህተት ያስከትላል። ቀስቱ ዘልሎ ሌላ መስመር ላይ ካረፈ የአንዱ ሰው ኩንታል በሌላው ስም ሊጻፍ ይችላል። ዘግይቶ የደረሰ ጠቅታ ደግሞ ያልተፈለገ ትዕዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል።

መንስኤው ምንድን ነው?

አብዛኞቹ ሽቦ አልባ ማውሶች ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኙት በዩኤስቢ ቀዳዳ በሚሰካ፣ ጥፍር በምታህል መቀበያ አማካይነት ነው። ማውሱና መቀበያዋ የሚነጋገሩት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ብሉቱዝና ብዙ የዋይፋይ መሣሪያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ሞገድ ነው። ማውሱ በትንሽ ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ የሚልከው ምልክት ደካማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ እስከ 5 ጊጋ ቢት መረጃ ያስተላልፋል፤ የቀደመው ዩኤስቢ 2.0 ከፍተኛው ፍጥነት 480 ሜጋ ቢት ነበር። መረጃ በዚህ ፍጥነት ሲመላለስ ከዕቃው፣ ከገመዱ እና ከመሰኪያው የሬዲዮ ረብሻ ያመልጣል። ረብሻው ማውሱ የሚጠቀምበትን ሞገድም ይሸፍናል። የኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የቴክኒክ ጽሑፍ የዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ሲገናኝ በዚህ ሞገድ ላይ ያለው ረብሻ በ20 ዲሲቤል ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህም በኃይል ሲሰላ ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል።

ነገሩ ወፍጮ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንደማውራት ነው። ተናጋሪውም ሰሚውም ጤነኞች ናቸው፤ የወፍጮው ጩኸት ግን ቃሉን ይውጠዋል። ከወፍጮው ራቅ ብለው ወይም እርስ በርስ ተጠግተው ሲያወሩ ይደማመጣሉ።

እንዴት ይታወቃል?

ዋናው ምልክት ችግሩ መጥቶ የሚሄድ መሆኑ ነው። ማውሱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ፈጣን ፍላሽ ሲሰካ፣ በተለይም ፋይል በሚገለበጥበት ጊዜ ይንቀረፈፋል፤ ዕቃው ሲነቀል ይስተካከላል። የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ አለበለዚያም አጠገቡ «ኤስኤስ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ይኖሩታል።

ለማረጋገጥ ፋይል መገልበጡ እስኪያበቃ ጠብቆ ዲስኩን በኮምፒዩተሩ የማስወጫ ትዕዛዝ ማላቀቅና ማውሱን መሞከር ይበቃል። በመገልበጥ ላይ ያለን ዲስክ በድንገት መንቀል ግን መረጃን ሊያበላሽ ስለሚችል መደረግ የለበትም።

ምን ማድረግ ይገባል?

1. መቀበያዋን ከዲስኩ ማራቅ። ላፕቶፕ ከሆነ ዲስኩን በአንዱ ጎን፣ መቀበያዋን በሌላው ጎን መሰካት ይቻላል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

2. የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ መጠቀም። መቀበያዋን በገመዱ ጫፍ ሰክቶ ከማውሱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ከረብሻው ያርቃታል፣ ወደ ማውሱም ያቀርባታል። መቀበያዋ ከጠረጴዛ ሥር ባለ ዴስክቶፕ ጀርባ የተሰካች ከሆነ የብረት ሳጥኑም ምልክቱን ስለሚጋርድ ይህ ዘዴ ይመረጣል።

3. ዲስኩን በዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ መሰካት። ፋይል መገልበጡ ይዘገያል፤ የ3.0 ረብሻ ግን ይቀራል። መቀበያዋን ብቻ ወደ 2.0 ቀዳዳ ማዛወር ግን ከዲስኩ ካላራቃት በራሱ መፍትሔ አይሆንም።

4. የዲስኩን ገመድ መቀየር። በቂ የብረት መሸፈኛ የሌለው ገመድ ብዙ ረብሻ ያስወጣል። ስለዚህ አጭርና ጥራት ያለው ገመድ ይመከራል።

5. ስህተት ለማይፈቀድበት ምዝገባ ባለ ገመድ ማውስ መጠቀም። ባለ ገመድ ማውስ በሬዲዮ ስለማይገናኝ ይህ ችግር አይነካውም።

በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይም በዚሁ ረብሻ ሊዳከም ይችላል። ራውተሩና ኮምፒዩተሩ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚቀበሉ ከሆነ ወደዚያ መቀየር ይረዳል።

ሌሎች ምክንያቶች

ዲስኩ ተነቅሎም ችግሩ ካልጠፋ መጀመሪያ ባትሪ ድንጋዩን መቀየር ይገባል። ቀጥሎ ከማውሱ ሥር ያለውን የብርሃን ቀዳዳ በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ በቆላው በጋ አቧራ በቀላሉ ይገባበታል። በመስታወት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው ከማውሱ ሥር ወረቀት ወይም የማውስ ምንጣፍ ያድርግ። ቀስቱ ብቻ ሳይሆን ኪቦርዱም ከዘገየ ጥፋቱ የማውሱ ሳይሆን የኮምፒዩተሩ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ ማውሱን በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር ነው። እዚያም ከተንቀረፈፈ ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ተገቢ ይሆናል። እስከዚያው ግን መዝጋቢው እያንዳንዱን ቁጥር ከማስቀመጡ በፊት ከሚዛን ደረሰኙ ጋር ቢያመሳክር፣ አርሶ አደሩም ስሙና ኩንታሉ በትክክል መግባቱን ሳያይ ባይሄድ ይመረጣል።