«ተጠንቀቁ!» ግን ከምን?

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የአጼ ምኒልክ ነጋሪት ሲጎሰም፣ አዋጁ ሕዝቡን «ተጠንቀቅ» ብሎ ብቻ አልተለየውም። ጠላት ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ ነገረው። የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲገኝ ቦታና ቀን ቆረጠለት። ጉልበት ያለው እንዲከተል፣ ጉልበት የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳ፣ ወስልቶ የሚቀረውም ቅጣት እንደሚጠብቀው አስታወቀ። አዋጁን የሰማው ገበሬ ፈርቶ ይሆናል። ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሠራው ሥራ ነበረው፤ ስንቁን ያሰናዳል፣ ጦሩን ይስላል፣ አህያውን ይጭናል።

የኛ ዘመን ነጋሪት ሌላ ነው። የሽብር ጥቃት ሊደርስ ስለሚችል ኅብረተሰቡ ነቅቶ ይጠብቅ ይላል። የት? አይነገርም። መቼ? አይነገርም። እና ምን እናድርግ? የዕለት ተዕለት ሥራችሁን ቀጥሉ! እንዴት ነው ነገሩ? ሰውየው ሥራውን ይቀጥል ወይስ ይፍራ? ሁለቱንም ባንድ ላይ አድርግ የተባለ ሰው፣ አውቶቡስ ውስጥ ትልቅ ሻንጣ ይዞ ከጎኑ የተቀመጠውን ምስኪን ሲገላምጥ ይውላል።

ይህ ዓይነቱ ማስጠንቀቂያ የተወለደው ግን ከክፋት አይደለም፤ ከእውነተኛ እሮሮ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሄልሲንኪ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ደወለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፍራንክፈርት ተነስቶ ወደ አሜሪካ በሚበር የፓን አም አውሮፕላን ላይ ቦምብ እንደሚጫን ተናገረ። መልእክቱ ለኤምባሲዎች ተላለፈ፤ ሞስኮ ባለው ኤምባሲ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ትኬት ቆርጦ ለሚሳፈረው ሕዝብ የነገረው ግን አልነበረም። ዲሴምበር 21 ቀን የፓን አም በረራ 103 ስኮትላንድ ውስጥ ሎከርቢ በተባለች ከተማ ሰማይ ላይ ፈነዳ፤ 270 ሰው አለቀ። መርማሪዎች የስልክ ጥሪው ከፍንዳታው ጋር እንዲሁ የተገጣጠመ ውሸት ነው አሉ። የሟች ቤተሰቦች ግን ባለሥልጣኑ የሰማውን ተሳፋሪው ለምን አልሰማም ብለው ተነሱ። በ1990 የአቪዬሽን ደኅንነት ሕግ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች የሚነግረውን ማስጠንቀቂያ ለሌላውም ዜጋ መንገር ደንብ ሆነበት።

መልካም ደንብ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ግን «አትደብቁን» የሚለው የሕዝብ ጥያቄ «ነግረናችሁ ነበር» ወደሚል የመንግሥት መልስ ተለወጠ። በማርች 2002 የዋይት ሀውስ የአገር ውስጥ ደኅንነት ኃላፊ የነበሩት ቶም ሪጅ ባለ አምስት ቀለም መሰላል ይዘው ብቅ አሉ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ። ሥራው ቢጫ ላይ ተጀመረ። በ2011 እስኪሰረዝ ድረስ አንድም ቀን ወደ ሰማያዊም ሆነ ወደ አረንጓዴ አልወረደም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አረንጓዴ የማይበራ የትራፊክ መብራት ቢተከል፣ ሹፌሩ ውሎ አድሮ ማየቱን ይተዋል።

በፌብሯሪ 2003 ቀለሙ ብርቱካንማ ሲሆን፣ ባለሥልጣናቱ ሕዝቡ የሦስት ቀን ውሃና ምግብ፣ ደግሞም ለመስኮት ማሸጊያ የሚሆን ላስቲክና ፕላስተር እንዲይዝ መከሩ። የኛም ሰው በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ሱቆች ፕላስተር አለቀባቸው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሪጅ ራሳቸው ወጥተው ኧረ መስኮታችሁን አሁን አታሽጉ አሉ። ያገራችን ሰው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል። እዚያ ደግሞ እባብ ያየው ሕዝብ ሄደህ ልጥ ግዛ ተባለ።

በኦገስት 2004 ማስጠንቀቂያው ቦታ ጠቀሰ፤ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ፣ ዋሽንግተን ያሉት የዓለም ባንክና አይ.ኤም.ኤፍ.። ሰዉ አሁንስ ጨበጥነው ሳይል፣ መረጃው በአብዛኛው ከ2001 ጥቃት በፊት የተሰበሰበ እንደሆነ ተሰማ። ብርቱካንማው የወረደው ኖቬምበር 10 ቀን፣ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በኋላ ነው። ሪጅ በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በምርጫው ዋዜማ ቀለሙ ከፍ ይበል የሚል ግፊት እንደነበረና ነገሩ ለደኅንነት ነው ወይስ ለፖለቲካ ብለው እንደጠረጠሩ ገለጹ። ያኔ ቀለሙ አልጨመረም። ግን ባለመብራቱ ራሱ የጠረጠረውን መብራት ተራው ሰው እንዴት ይመነው?

ለመንግሥታት የሚባልላቸው አለ። ስለላ የሚያመጣው ወሬ ቁርጥራጭ ነው፤ ሁሉን ቢዘረግፉት ምንጩ ይደርቃል፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ሎከርቢ አለ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውም ተረት የኛው ነው። እኛ ግን የሰላዩን ስም ንገሩን አላልንም። ምን እንድናደርግ ትፈልጋላችሁ ነው ያልነው።

በኦክቶበር 2014 አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ፣ ዜጎቹ ከቦሌ አካባቢ ምግብ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ የአምልኮ ቦታዎችና የገበያ ማዕከሎች ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ እንዲርቁ አሳሰበ። የሎከርቢው ደንብ ቦሌ ደረሰ ማለት ነው። ሥጋቱ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2013፣ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ በተጫወተችበት ዕለት፣ እዚያው ቦሌ አንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ መንግሥትም ለጥቃት ሲዘጋጁ እንደነበር ገልጿል። ማስጠንቀቂያው ቢያንስ ሰፈር ጠቅሷል፤ እንግዳውም መራቅ ይችላል። ቦሌ የሚኖረው፣ ቦሌ ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግደው፣ ቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚሳለመውስ ወዴት ይራቅ?

አሜሪካኖች በ2011 ቀለሞቹን ጥለው አዲስ ሥርዓት ሲያመጡ፣ ማስጠንቀቂያው ሥጋቱን፣ ሕዝቡ የሚያደርገውንና የሚያበቃበትን ቀን እንዲይዝ ወሰኑ። ወረኢሉና ጥቅምት እኩሌታ ማለት ይኸው ነው። ማስጠንቀቂያ አድማጩን ለማዳን ከሆነ ሥራ ይሰጠዋል። ተናጋሪውን ከወቀሳ ለማዳን ከሆነ ግን የጲላጦስ ውሃ ነው፤ እጅ ይታጠቡበታል እንጂ ጥም አይቆርጥም። ክፉው ደግሞ፣ «ጅብ መጣ» እያለ እንደቀለደው እረኛ፣ እውነተኛው ጅብ የመጣ ዕለት ሰሚ መጥፋቱ ነው።

ቸር ያሰማን። ክፉውንም ማሰማት የግድ ከሆነ፣ የትና መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደምናደርግም ጨምሮ ያሰማን።