«ጋደም» ያለውና «የተጎለተው»

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ብርድ ቁልቁል ተጠማዝዘን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው ከ1300 ሜትር በታች ነው። ጋቢያችንን አውልቀን በመስኮት ስናይ፣ በቀትር የዛፍ ጥላ ሥር ሰዎች ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱም ጋደም ብሏል። ያኔ ከመሀላችን አንዱ «አየኸው፣ ተጎልቶ!» ይላል። እኛም እንስቃለን። ይህች ጽሑፍ የዚያችን ሣቅ ታሪክ ለመመርመር የተነሣች ናት።

አማርኛችን ለሰነፍ አቀማመጥ ቃል አላጣም። «ተጎለተ» የጉልቻ ዘመድ ነው፤ ሰውየው እንደ ምድጃ ድንጋይ ካላነሡት አይነሣም ማለት ነው። «ተዘፈዘፈ» ውኃ ውስጥ የከረመ ልብስ ነው። «ተወዘፈ» ደግሞ የውዝፍ ግብር ወንድም ነው። በአንጻሩ «ጋደም አለ»፣ «አረፍ አለ»፣ «ደገፍ አለ» ስንል ንቀት የለበትም፤ እንግዳን እንኳ «እስቲ ጋደም ይበሉ» እንለዋለን። አካሉ ያው አካል ነው። ታዲያ ቃሉን የሚመርጠው ማነው?

መልሱን የይፋት ታሪክ ራሱ ይሰጠናል። በ1841 (እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር) የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሻምበል ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በይፋት በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወጣ። በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በአቀባበሉ ዕለት ንጉሡ በከፋይ ትራስ ተደግፈው ጋደም ብለዋል፤ መኳንንቱ ግን እስከ ወገባቸው ተራቁተው ቆመዋል። በሌላው ወገን እሳት ይነድዳል፤ ድመቶች ይሞቃሉ። ሃሪስ ስንፍናን የሰጠው ለድመቶቹ ነው፤ ለንጉሡ የሰጠው ግርማን ነው። እኛስ ብንሆን? «አልጋ» በቋንቋችን መኝታም ዙፋንም አይደል? የሚወርሰውንም «አልጋ ወራሽ» አላልነውም?

እስቲ ወደ ሮቢት ጥላ እንመለስ። የቆላ ገበሬ ጎህ ሳይቀድ በሬውን ጠምዶ፣ ፀሐይ ስትከር ይፈታል። ቀትሩን ሰውም በሬም አይችለውም። ፀሐይ ስትበርድ እንደገና ይነሣል። የእኛ አውቶቡስ የሚያልፈው ግን በዚያው በቀትሩ ነው፤ ስለዚህ የምናየው ዕረፍቱን እንጂ ሥራውን አይደለም። ድሮም «ሰነፍ» የሚለው ቃል ከእርሻው ዳር ቆሞ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ከሚጠብቀው ባለመሬት አፍ ይወጣ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬቱን ከባለመሬቱ ወሰደ፤ ቃሉ ግን በእኛ አፍ ቀረ።

ቃሉ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልጻፍንም ነበር። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ ጊዜ በዚሁ በደሴ መንገድ ዳር ሰው ተዘርሮ ይታይ ነበር። ከሩቅ ለሚያይ፣ የደከመውም የሚሞተውም አጋደሙ ያው ነው። በዚያው ዓመት ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ቦታው ድረስ ሄደው፣ ጠጋ ብለው አይተው፣ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከመስኮት በማየትና ጠጋ ብሎ በማየት።

እንግዲህ ጓደኞች፣ በሚቀጥለው ጉዟችን «ተጎልቶ» ከማለታችን በፊት ሰዓታችንን እንይ። ከዚያም «ይህ ሰው ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሣ?» ብለን እንጠይቅ። ምናልባት እኛ በአውቶቡሱ ወንበር ላይ ተንፈራጠን ስናንቀላፋ፣ እሱ ግማሽ ጥማድ አርሶ ይሆናል።