የአባ እንጦንስ እሳትና የወሎ ገብስ

የደጋ ገበሬ ሚስት ገብሷን ወደ ወፍጮ ከመስደዷ በፊት ሰፌዷን በሁለት እጇ ይዛ ስታበጥር፣ ስታንጓልልና ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጣቶቿ ከዓይኗ ቀድመው ጠጠሩንና እንክርዳዱን እየለዩ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ሲገፉ ያያል፤ ዘመኑ ክፉ ከሆነም ከገብሱ ፍሬ የሚረዝም፣ ጎበጥ ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ነገር በጣቶቿ መካከል ተይዞ ወደ አመድ ሲጣል ያይ ይሆናል። ይህ ጥቁር ነገር በፍሬ ቦታ ተቀምጦ ይገኝ እንጂ ፍሬ አይደለም። አዝርዕት በሚያብቡበት ወራት ብርድና ዝናብ ሲበረታ፣ አንድ የሻጋታ ዓይነት ወደ አበባው ገብቶ የዘሩን ቤት ይወርሳል፤ መጀመሪያ እንደ ማር የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል፤ ነፍሳት ያን ፈሳሽ ቀስመው ከአበባ ወደ አበባ ያዛምቱታል፤ በመጨረሻም ፍሬው ሊያፈራበት በተገባው ሥፍራ ጥቁሩ ቀንድ ይበቅላል። ፈረንሳዮች ቅርጹን ተመልክተው በአውራ ዶሮ እግር ላይ በምትገኘው ሹል ጥፍር ስም ኤርጎት ብለው ጠሩት።

በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ጠላት በሌሊት መጥቶ በስንዴው መካከል የዘራው እንክርዳድ፣ በግዕዙ ክርዳድ፣ የሚበላውን ሰው ራሱን የሚያዞረው በውስጡ በተሠወረ ሻጋታ ምክንያት መሆኑን የዕፅዋት ሊቃውንት የተረዱት በቅርብ ዘመን ነው። እናቶቻችን ግን ምክንያቱን ሳይጠይቁ ከጥንት ጀምሮ ሲለቅሙት ኖረዋል። የኤርጎት ክፋት ከእንክርዳድ ይልቅ እጅግ የጠነከረ ነው፤ መርዙ የደም ሥርን አኮማትሮ ይዘጋልና፣ ደም ያልደረሰው ጣትና እግር መጀመሪያ ይነዝራል፣ ከዚያ እንደ ፍም ያቃጥላል፣ ኋላም ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ሳይፈስሰው ከመገጣጠሚያው ተለይቶ ይወድቃል። የምጣድ እሳትም ይህን መርዝ ፈጽሞ አያጠፋውም።

በምዕራብ ኤውሮፓ ገዳማት ዜና መዋዕል ይጽፉ የነበሩት መነኮሳት የዚህን ደዌ ነገር ከ9ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ መዝግበውታል። በራይን ወንዝ አጠገብ ባለችው በክሳንተን የተጻፈው ዜና መዋዕል፣ በ857 ዓመተ ምሕረት (የዓመቱ ቍጥር እዚህም ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ባለው የኤውሮፓ ታሪክ እንደ ኤውሮፓውያን ነው) ሕዝቡ ሰውነቱ እያበጠና እየበሰበሰ፣ ሳይሞትም አካሉ እየተቈረጠ እንደ ጠፋ ይተርካል። ያ ሕዝብ ይመገብ የነበረው ራይ የሚባለውን የብርድ አገር እህል ነው፤ የስንዴ ዳቦ የመሳፍንቱ ማዕድ ነበርና ድኻው ጥቁሩን ዳቦ ይበላ ነበር፤ ከእህል ሁሉ ይልቅ ኤርጎት የሚወደውም ይኸንኑ ራይ ነው። የነገሩን ሥር የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ደዌው ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ነው ተብሎ ታመነ፤ ስሙም ቅዱስ እሳት፣ ኋላም የቅዱስ እንጦንስ እሳት ተባለ።

ይህ እንጦንስ ሌላ ሰው አይደለም፤ በግብፅ በረሃ ሥርዓተ ምንኵስናን የጀመረው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም አበ መነኮሳት ብላ ጥር 22 ቀን የምታስበው አባታችን አባ እንጦንስ ነው። ዐፅሙ ነው ተብሎ የሚታመነው ከቁስጥንጥንያ ወደ ፈረንሳይ አገር፣ ወደ ዶፊኔ አውራጃ ፈልሶ ነበርና፣ ልጁ ከዚህ እሳት የዳነለት ጋስቶን የተባለ መኰንን በ1095 በዚያው ሥፍራ ድውያንን የሚያገለግል ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ መነኮሳት በጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ታው የተባለውን ፊደል፣ የእኛን የታዊን ዘመድ፣ በሰማያዊ ቀለም አድርገው ይለብሱ ነበር። ከሩቅ አገር በአንካሳ እግሩ እየተጐተተ ወይም በዘመዶቹ ትከሻ ላይ ሆኖ የመጣውን ድውይ ተቀብለው፣ የጻድቁ ዐፅም የታጠበበትን ወይን ጠጅ ያጠጡታል፣ ቍስሉን በቅባት ይቀቡታል፣ የማይድነውን እግር ይቈርጡለታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ንጹሕ ዳቦ ያበሉታል። ተአምሩንና ዳቦውን ለያይቶ ይህ አዳነ፣ ያ አላዳነም ማለት አልደፍርም፤ ይሁን እንጂ ድኻው ከጥቁሩ ዳቦ ርቆ የሰነበተው ወደ ጻድቁ ደጅ በመምጣቱ መሆኑ ልቤን ሁልጊዜ ይነካዋል። ሠዓሊው ማትያስ ግሩነቫልት ከ1512 እስከ 1516 ድረስ ኢዘንሃይም ላለው የዚሁ ማኅበር ገዳም በሣለው ታላቅ ሥዕል ላይ፣ የተሰቀለው ጌታ ሥጋው በሙሉ በቍስል ተወርሶ ይታያል፤ ድውያኑም ከዚያ ሥዕል ፊት ሲቀርቡ የራሳቸውን ሕመም በመድኃኔ ዓለም ሥጋ ላይ ያዩ ነበር።

ዶዳር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1676 ደዌውን ከጥቁሩ ቀንድ ጋር አገናኝቶ ራዩ በወንፊት ይነፋ ዘንድ መከረ፤ ቱላን የተባለው ሊቅም በ1853 የሻጋታውን ዕድገት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትሎ ገለጠ፤ ድንች በድኻው ማዕድ ላይ የራይን ቦታ እየወሰደ ሲሄድም የእንጦንስ እሳት በዚያ አገር እየከሰመ ሄደ።

በእኛ አገር ግን ነገሩ በመጻሕፍት ብቻ የሚነበብ ሆኖ አልቀረም። ወሎ ከ1965 እና ከ1966 ዓ.ም. ታላቅ ረኃብ ገና ሳታገግም፣ ዝናቡ ደግሞ ተስተጓጕሎ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያ ጥንታዊ እሳት በደጋው ቀበሌ ተነሣ። የዚህ ምክንያቱ ሲናር ነው። ሲናር የገብስ ጎረቤት ነው፤ ገበሬው እንደ ፍጹም አረም አይቈጥረውም፤ ከገብሱ ጋር ይበቅላል፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ በአንድ አውድማ ይወቃል፣ ለጠላም ለእንጀራም ይሆናል። በደኅናው ዘመን ገብሱ ስለሚበዛ ሲናሩ በመካከሉ ጥቂት ሆኖ ይኖራል፤ ድርቅ በበረታ ጊዜ ግን ገብሱ ሲሳሳ ሲናሩ ማሳውን ወረሰው፤ ሲናሩም በኤርጎት ተመትቶ ነበር። በበሽታው ከተያዙት 140 ያህል ሰዎች ከሦስት አንዱ ሞተ፤ ከታመሙትም የሚበዙት ከ5 እስከ 34 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ማለት እረኛው፣ አራሹና አዲስ ሙሽራው ነበሩ። ደግሞ ይህ መርዝ የእናትን ጡት ወተት የሚያደርቅ ነውና፣ እህሉን ገና ያልቀመሰው ሕፃን እንኳ ከእጁ አያመልጥም።

ስለዚህ ነገር የሚያወሩ አንዳንድ ሰዎች፣ ገበሬው አላወቀም፣ ድንቍርና አጠፋው ይላሉ። ይህ ፍርድ በጣም ያሳዝነኛል። ሰፌድ በእጇ ያደገች ሴት ጥቁሩን ፍሬ ከነጩ መለየት አያቅታትም፤ ነገር ግን በጎተራዋ ግርጌ የቀረው አንድ ቍና ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የሚጣለው ከሚቀረው ሊተካከል የደረሰ ሲሆን፣ ልጆቿም ከምድጃው ዙሪያ ቁጭ ብለው የምጣዱን ድምፅ ሲያዳምጡ፣ እጇ ለመልቀም ይዘገያል። ረኃብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቃት ያንን ሰፌድ ነው። በዶፊኔም ቢሆን ራዩን ሳያጠራ ያስፈጨው ድኻ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ በ2001 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ያው እሳት በአርሲ ደጋ ተነሥቶ፣ የተበከለ ገብስ ከበሉት 18 ሰዎች ታመው 3ቱ ሞቱ። እጅግ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ከዚያው ጥቁር ቀንድ በ1935 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ሊቃውንት ለይተው ያወጡት ኤርጎሜትሪን የተባለው መድኃኒት፣ ወልዳ ደም የሚፈስሳትን ሴት ማሕፀኗን አጥብቆ ከሞት ሲያድናት በየጤና ጣቢያው ኖሯል።

የተበከለውን እህል ለማጥራት የሚመከር አንድ ቀላል ብልሃት አለ፤ እህሉ ጨው በብዛት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ሲጨመር ደኅናው ፍሬ ወደ ታች ይሰጥማል፣ ጥቁሩ ግን ቀላል ነውና ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈውን በጭልፋ ገፍፎ መጣል፣ የቀረውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በፀሐይ ማስጣት ነው። ነገር ግን በደጋው አገር ጨው ማለት ለብዙ ዘመን አሞሌ ነበር፤ ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣ፣ በገበያ በገንዘብ ፈንታ የሚቈጠር፣ በቤትም ከጭስ በላይ ተሰቅሎ ለወጥ ብቻ እየተፈቀፈቀ የሚቈጠብ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ወደ ደጋ ወጥቶ፣ ገብሳችሁን ታጥቡበት ዘንድ አሞሌውን በጋን በጥብጡ ብሎ ቢመክር ኖሮ፣ የቤቱ እመቤት ምክሩን በትሕትና ሰምታ ወደ ሰፌዷ በተመለሰች ነበር።