ጨዋታና መዋጮ፦ በሳቅ የተሰበሰበ ገንዘብ ታሪክ

ውድ የእድራችን አባላት፣

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነሣውን ክርክር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ድንኳናችን አርጅቶ ዝናብ ማሳለፍ ከጀመረ ሰነባብቷል። በዚያ ላይ ወላጅ የሞተባቸው የአባሎቻችን ልጆች በየመስከረሙ ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ይፈልጋሉ። ወርኃዊ መዋጮ እንዳንጨምር፣ ጡረተኛው አባላችን ያለውንም የሚከፍለው በጭንቅ ነው። በዚህ መኻል አንዲት ወጣት እኅታችን ተነሥታ «ቶምቦላ እናዘጋጅ፤ የቡና ቀንም እናድርግ፤ ሰው እየተጫወተ ይስጥ» አለች። ገና ሳትቀመጥ አንድ አባታችን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ልጄ፣ እድር የለቅሶ ቤት ነው። በሬሳ ገንዘብ ላይ ጨዋታ ምን ይሉታል?» ሲሉ መለሱላት። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሰብሳቢያችንም ነገሩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደሩትና፣ ጨዋታና እርዳታ በታሪክ እንዴት እንደተገናኙ ለዓመታዊ መጽሔታችን እንድጽፍ አዘዙኝ። ይህች አጭር ጽሑፍ የዚያ ትእዛዝ ውጤት ናት።

በመጀመሪያ ከራሳችን ደጅ እንነሣ። በጨዋታ ገንዘብ መሰብሰብ ከውጭ የመጣ ነገር ይመስለናል እንጂ ሁላችንም በልጅነታችን ሠርተንበታል። በነሐሴ ወር ቡሄ ሲደርስ ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ። በእንቁጣጣሽ ደግሞ ሴቶች ልጆች አደይ አበባና ቄጠማ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ አበባየሆሽ ይላሉ። ባለቤቱም ሙልሙል ዳቦ ወይም ሳንቲም ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ልጆቹ ለምነው አልወሰዱም፤ ዘፍነውና መርቀው ነው የወሰዱት። ሰጪውም በሩን የከፈተው በደስታ ነው። የተገኘውም በአንድ ከረጢት ተጠራቅሞ በመጨረሻ እኩል ይከፈላል። ያልተካፈለ ቡድን ግን ተጣልቶ ይቀራል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አትርሱት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቤተ ክርስቲያን ጉባኤም የምናውቀው ጨረታ አለ። አንድ ምእመን ጥላ ወይም ድፎ ዳቦ ይሰጣል፤ ዕቃው በሕዝብ ፊት ይጫረታል። ያሸነፈው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን «መልሳችሁ አጫርቱት» ይላል። አንዱ ድፎ ሦስት አራት ጊዜ ይሸጣል። ሰው እልል እያለ፣ እየሳቀ፣ እርስ በርሱ እየተበላለጠ ይሰጣል። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ቤተ ክርስቲያን ለመግዛትም ሆነ አገር ቤት ለመርዳት በዚሁ መንገድ ሲጠቀሙ ኖረዋል። መንግሥትም ቢሆን የዕጣን ጉልበት ያውቃል፤ የብሔራዊ ሎተሪ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነበር።

ወደ ውጭው ዓለም ስንሻገር ደግሞ በኒው ዮርክ ወደብ የቆመውን የነጻነት ሐውልት እናገኛለን። ሐውልቱን የሰጠው የፈረንሳይ ሕዝብ ነው፤ ከገንዘቡም ከፊሉ የተገኘው ከሎተሪ ነበር። ነገር ግን ሐውልቱ የሚቆምበትን መሠረት መሥራት የአሜሪካኖች ድርሻ ሆኖ ሳለ ገንዘብ አለቀና ሥራው ቆመ። ያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1885 ጆሴፍ ፑሊትዘር የሚባለው የጋዜጣ ባለቤት አንድ ዘዴ ፈጠረ። «የሰጣችሁት ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የእያንዳንዳችሁን ስም በጋዜጣዬ አወጣለሁ» አለ። ሕፃናት እንኳ ሳንቲማቸውን ላኩ። በአምስት ወር ውስጥ ከ120,000 በላይ ሰዎች ከ100,000 ዶላር በላይ አዋጡ፤ አብዛኛው ሰው የሰጠው ከአንድ ዶላር ያነሰ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኛን የሚነካን በአንድ ውርርድ የተጀመረው ታሪክ ነው። ካርልሃይንስ በም የኦስትሪያ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ በ«ሲሲ» ፊልሞች ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ሆኖ በመጫወቱ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የማያውቀው አልነበረም። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1981) በአንድ የቴሌቪዥን የውርርድ ጨዋታ ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። በዚህ ፕሮግራም ሰው የሚወራረደው ለሳቅ ነው። እርሱ ግን «ይህን ከሚያዩት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ እንኳ በሳህል ለተራቡት አንድ ማርክ አይሰጥም ብዬ እወራረዳለሁ» አለ። ተመልካቹን እልኽ ውስጥ ለማስገባት ነው እንጂ፣ ለመሸነፍ የተመኘ ሰው ቢኖር እርሱ ነበር። የተሰበሰበው 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ሆነ። በስሌቱ ሲታይ ከተመልካቹ ሲሶው ስላልሰጠ ውርርዱን አሸነፈ። ታዲያ አሸነፍኩ ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም.ም «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሥራውም በሐረርጌ፣ በኤረር ሸለቆ፣ ከመጠለያ የወጡ ተፈናቃዮችን በማስፈር ተጀመረ። ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ ስሙ ከአገራችን አልተለየም። አንድ ማታ ለሳቅ የተባለ ነገር ስንት ጉድጓድ ውኃ፣ ስንት ትምህርት ቤት እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ በኋላ የ1977ቱ ረኀብ መጣ። በጥቅምት ወር ከኮረም የተላለፈውን የቢቢሲ ዜና ያየው ቦብ ጌልዶፍ የተባለ የአየርላንድ ዘፋኝ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ሙዚቀኞችን ሰበሰበና፣ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በአንድ ቀን ዘፈን አስቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን በለንደን ዌምብሌይና በአሜሪካ ፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተደረገ፤ በአንዱ ስታዲየም 72,000፣ በሌላው 90,000 ያህል ሰው ነበር። በጠቅላላው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። ግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የሩጫ ሆነ፤ ስፖርት ኤይድ በተባለው ዝግጅት በብዙ አገሮች ሚሊዮኖች ለአፍሪካ ሮጡ። በእንግሊዝ አገር የሚከበረው የቀይ አፍንጫ ቀንም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። አዘጋጁ ድርጅት ሥራውን ያስተዋወቀው ታኅሣሥ 16 ቀን 1978 ዓ.ም. በሱዳን ከሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ሰዎች ቀይ ላስቲክ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ሥራ ገቡ፤ አለቃውም ተላላኪውም እኩል ተሳቀበት፤ ገንዘቡም ገባ።

እውነቱን ለመናገር ግን የዚያ ዘመን ሥራ ጉድለትም ነበረበት። የመጀመሪያው ዘፈን ርእስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ነበር። ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን ለተቀበለ፣ ላሊበላ ላይ ገናን በማሕሌት ለሚያነጋ ሕዝብ እንዲህ ያለ ጥያቄ! የተራበ ሰው ዳቦ አጣ እንጂ ቀን መቁጠር አልጠፋበትም። በተጨማሪም ጦርነት ባለበት አገር እርዳታው ለማን ደረሰ፣ ማንስ ተጠቀመበት የሚለው ክርክር ዓመታት አልፈውም አልበረደም። ብዙ ነፍስ መዳኑ ግን አይካድም።

አገራችንም በኋላ የራሷን ሩጫ አገኘች። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ሮጠ፤ አንደኛ የወጣውም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር። ከዓመት ዓመት ሯጩ በዝቷል፤ ከሩጫውም ጋር ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ሕፃን አዝሎ፣ ፊቱን ቀብቶ፣ እየጨፈረ የሚሮጠውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ መስጠት የግድ ፊት ማጥቆር እንዳልሆነ ይረዳል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ወጣት ሳለሁ እሠራበት በነበረው ሰፈር አንድ ቶምቦላ ተዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው ዕጣ የልብስ ስፌት መኪና ነው ተባለ። ከደመወዜ ቆርጬ አምስት ትኬት ገዛሁ፤ ለእናቴ ላገኝላት ነበር ሐሳቤ። ዕጣው የሚወጣበት ቀን አንዴ ተራዘመ፣ ሁለቴ ተራዘመ፣ ከዚያ ወሬውም ጠፋ። መኪናዋን ያየ ሰው የለም፤ ሒሳቡን የጠየቀም የለም። የጠፋችብኝ ጥቂት ብር አላንገበገበችኝም። ያናደደኝ፣ ከዚያ በኋላ ለእውነተኛ ችግረኛ ትኬት ሲዞር እንኳ የሰፈሩ ሰው እጁን ከኪሱ አለማውጣቱ ነው። የሆያ ሆዬን ከረጢት አትርሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ጨዋታ ሰውን ይጠራል፤ የሚያቆየው ግን ሒሳብ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆነው ምንድን ነው? ከዘራቸውን ይዘው የተነሡት አባታችን ተሳስተዋል አልልም። እድር የተመሠረተው ሰው እንዳይዋረድ ነው፤ ይህ የማይነካ ነገር ነው። እኅታችንም አልተሳሳተችም፤ ቀዳዳ ድንኳን ለቀስተኛን አይሸፍንምና። ስለዚህ ለመጪው ስብሰባ አራት ነገር አሳስባለሁ።

1ኛ. የቀብር ገንዘብ አይነካ። በጨዋታ የሚሰበሰበው ለድንኳኑና ለልጆቹ ብቻ ይሁን፤ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ደረሰኝ ይኑረው።

2ኛ. ቶምቦላ ካለ አስቀድሞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይውጣ። ዕጣ የሚሆነው ዕቃ ትኬት ከመሸጡ በፊት በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ማንም መጥቶ ይየው። ዕጣው የሚወጣበት ቀን አይራዘም።

3ኛ. የሚረዱት ልጆች መድረክ ላይ አይውጡ፣ ስማቸውም አይጠራ። የሰጪው ስም ግን፣ አንድ ብርም ቢሆን የሰጠው፣ ፈቃዱ ከሆነ በሚቀጥለው መጽሔት ይውጣ።

4ኛ. በአባል ቤት ሐዘን ከገባ አርባው እስኪወጣ ዝግጅቱ ይቆይ። ይህ የአባታችን ቃል ስለሆነ መጠበቅ አለበት።

ጽሑፌን ለማተሚያ ከመስጠቴ በፊት ለእኒሁ አባታችን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «የበሙን ውርርድ ደግመህ ንገረኝ» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እኔም እወራረዳለሁ» አሉ። «ከዚህ እድር ግማሹ እንኳ ለዚያ ድንኳን መቶ ብር አያወጣም!»

ውድ አባላት፣ ውርርዱ ቀርቧል። አባታችንን እናሸንፋቸው፤ እርሳቸውም የሚመኙት ይህንኑ ነው።