ብልሽት እንደ መምህር፤ የሂዝኪት ትራንሲቨሮች ታሪክና ለጥገና ሙያ ያስተማሩት

ማንኛውም የራዲዮ ባለሙያ የሚያውቃት አንዲት ቅጽበት አለች። ለሳምንታት የተደከመበት መሣሪያ ተገጣጥሞ አልቋል፤ ብየዳው ተፈጽሟል፤ አንቴናው ተያይዟል፤ ባትሪው ተቀጥሏል። ማብሪያው ሲዞር ግን የጆሮ ማዳመጫው ጭጭ ይላል። በዚህን ጊዜ አንዱ ሰው «አልሠራም» ብሎ ያዝናል፤ ሌላው ደግሞ «ምልክቱ እስከ የት ደርሶ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን ዓይነት ሰው በብዛት ያፈራ አንድ የቴክኒክ ልማድ እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት እንዳደገና ምን እንዳወረሰን ለአንባብያን ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ከአውሮፕላን እስከ ራዲዮ

ኪት ማለት የአንድን መሣሪያ ክፍሎች በሙሉ ከመምሪያው ጋር በአንድ ሣጥን አድርጎ ለገዢው መላክና መገጣጠሙን ለእርሱ መተው ነው። በዚህ ሥራ ስሙ ከሁሉ በላይ የገነነው ሂዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ መሥራቹ ኤድዋርድ ሂዝ የአውሮፕላን ሰው እንጂ የራዲዮ ሰው አልነበረም። በ1926 «ፓራሶል» የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ገዢው ራሱ እንዲገጣጥማት በኪት መልክ አቀረበ። እርሱ ግን በ1931 አዲስ አውሮፕላን ሲሞክር ወድቆ ሞተ። በ1935 የከሰረውን ኩባንያ ሃዋርድ አንቶኒ ገዛው፤ መቀመጫውም በሚሺጋን ግዛት በቤንተን ሃርበር ከተማ ሆነ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ከጦር ሠራዊት የተረፈ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። አንቶኒም ከዚህ ትርፍ ዕቃ ገዝቶ በ1947 የኦሲሎስኮፕ ኪት ለገበያ አወጣ። ዋጋው ከ50 ዶላር በታች ነበር፤ በፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚሸጠው ኦሲሎስኮፕ ደግሞ በዚያን ዘመን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር። በዚህም ምክንያት የመለኪያ መሣሪያ የትልልቅ ላቦራቶሪዎች ብቻ ሀብት መሆኑ ቀርቶ በትንሽ ሱቅና በመኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይታይ ጀመር። አንቶኒ በ1954 እርሱም እንደ ቀዳሚው በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የጀመረው ሥራ ግን ቀጠለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለአማተር ራዲዮ የሚሆኑ ማስተላለፊያዎች ተጨመሩ፤ በ1960ዎቹም ማስተላለፊያንና መቀበያን በአንድ አካል ያዋሐዱት ትራንሲቨሮች ተከተሉ።

ከእነዚህም መካከል በ1970 የወጣው ኤች ደብሊው-101 እጅግ ተወዳጅ ነበር። ይህ በቫልቭ የሚሠራ ትራንሲቨር ከ80 እስከ 10 ሜትር ባሉት የአማተር ሞገዶች ላይ ድምፅንና ሞርስን ያስተላልፋል። በውስጡ እስከ 800 ቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ ግፊት ስላለ፣ የሚገጣጥመው ሰው እጁን ከማስገባቱ በፊት ማሰብን የግድ ይማር ነበር።

«ችግር ሲያጋጥም»

የሂዝኪት ትልቁ ሥራ በሣጥኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ይልቅ መምሪያው ነበር ለማለት ይቻላል። መምሪያው ሥራውን በጥቃቅን ደረጃዎች ይከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ አጠገብ ገጣጣሚው ሥራውን ሲፈጽም ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አለ። የክፍሎቹ ሥዕል በጉልህ ተስሏል። ከሁሉም በላይ የሰርኪዩቱ ሙሉ ንድፍ ሳይደበቅ ታትሟል፤ በየነጥቡ መገኘት የሚገባው ቮልቴጅም በሠንጠረዥ ተመዝግቧል።

በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ችግር ሲያጋጥም ምን መደረግ እንዳለበት የሚያብራራ ምዕራፍ ይገኛል። ይህ ምዕራፍ ለሰው ልጅ ጠባይ ጥልቅ ማስተዋል ያለው ነው። ለጥገና ወደ ኩባንያው ከሚመለሱት ኪቶች ከመቶው 90 ያህሉ የማይሠሩት በመጥፎ ብየዳና ግንኙነት ምክንያት መሆኑን ሳይሸሽግ ይገልጻል። ይህም ማለት ትራንዚስተሩን ከመወንጀል በፊት የገዛ እጅን ሥራ መመርመር ይገባል ማለት ነው። ከዚያም ሥራውን ሌላ ሰው እንዲያየው ይመክራል፤ የሠራው ሰው ደጋግሞ የሚያልፈውን ስሕተት ሥራውን የማያውቅ ዓይን በቶሎ ያገኘዋልና። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለመቀነት ቢሆንም፣ በችኮላ ለተበየደ ሽቦም በትክክል የሚሠራ አባባል ነው።

ትንሹ መሣሪያና ትልልቅ ጉድለቶቹ

ይሁን እንጂ የብልሽት ፍለጋ ትምህርት ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሰው መሣሪያው በትክክል ተገጣጥሞም ጉድለት ባሳየ ጊዜ ነው። ለዚህ ግሩም ምሳሌ የሚሆነው በ1972 የወጣው ኤች ደብሊው-7 ነው። ይህ በ70 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረ፣ በ40፣ በ20ና በ15 ሜትር ሞገዶች በሞርስ ብቻ የሚሠራ፣ ጥቂት ዋት ብቻ የሚፈልግ ትንሽ ትራንሲቨር ነበር።

መቀበያው ቀጥተኛ ለውጥ በሚባለው ዘዴ ይሠራል። ይህን ዘዴ ዌስ ሄይዋርድና ዲክ ቢንግሃም በ1968 በአሜሪካ የአማተር ራዲዮ መጽሔት ላይ ችላ የተባለ ግን ጠቃሚ መንገድ መሆኑን አስረድተው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከአንቴና የመጣው ምልክት በመሣሪያው ውስጥ ከሚመነጨው ተመሳሳይ ሞገድ ጋር ይደባለቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ወዲያው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ይሆናል። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ለኪት እጅግ ይስማማል።

ነገር ግን ዋጋ የሚያስከፍል ቅለት ነው። ማጉላቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚፈጸመው በድምፅ ሞገድ ደረጃ ሲሆን፣ ይህም አንዳንዴ እስከ 100,000 ጊዜ ይደርሳል። በመሆኑም ሣጥኑ በጣት ሲመታ ድምፁ በማዳመጫው ይሰማል። መሣሪያው ከባትሪ ይልቅ ከመብራት ኃይል ሲሠራ ደግሞ ጉምጉምታ ይነሣል። ሦስተኛውም ጉድለት አለ፤ ማታ ማታ በ40 ሜትር ሞገድ አቅራቢያ ያሉ ብርቱ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ዲያሉ የትም ቢዞር የማይጠፋ ወሬና ሙዚቃ ያሰማሉ።

የኤች ደብሊው-7 ባለቤቶች በነዚህ ጉድለቶች አማረሩ፤ ነገር ግን ንድፉ በእጃቸው ስለ ነበረ በማማረር አልቆሙም። ጉምጉምታው መሣሪያው በባትሪ ሲሠራ እንደሚጠፋ ያስተዋለ ሰው፣ መንሥኤው በመብራት ኃይሉ በኩል መሆኑን ይረዳል። በእርግጥም ከውስጥ የሚመነጨው ሞገድ በኃይል መስጫው ገመድ ሾልኮ ይወጣል፤ በሬክቲፋየር ዳዮዶቹ ላይ ከመብራቱ ሳይክል ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም በአንቴናው በኩል ተመልሶ ይገባል። መድኃኒቱም ትንንሽ ካፓሲተሮችን በዳዮዶቹ ላይ ማሰር፣ የኃይል ገመዱን በፌራይት ቀለበት ላይ መጠምጠም፣ ወይም በባትሪ መጠቀም ነው። የውጭ ጣቢያዎቹ ጣልቃ ገብነት ደግሞ ሌላ ምንጭ አለው። መደባለቂያው ብርቱውን የድምፅ ጣቢያ ያለ ኦሲሌተሩ እርዳታ በራሱ ስለሚፈታው ነው እንጂ ዲያሉ ስለ ተሳሳተ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ጉድለቶች ለጆሮ ቢቀራረቡም፣ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ይህን ለይቶ ማወቅ የጥገና ሙያ ልብ ነው።

ከ1976 ጀምሮ የተሸጠው ኤች ደብሊው-8 ለእነዚህ ጉድለቶች የተሰጠ መልስ ነበር። የ80 ሜትር ሞገድ ተጨመረለት፤ ከመደባለቂያው በፊት የራዲዮ ሞገድ ማጉያ ገባለት፤ መደባለቂያውም ያልተፈለገውን የድምፅ ጣቢያ ራሱ በራሱ እንዲያጠፋ ሚዛናዊ በሆነ ኢንቴግሬትድ ሰርኪዩት ተተካ። ይህም ሁሉ ሆኖ ፍጹም አልነበረም። ለምሳሌ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ አልነበረውም፤ የነበረው የራዲዮ ሞገድ ማጉያውን የሚቆጣጠር ብቻ ነው። ስለሆነም ባለቤቶቹ የድምፅ መቆጣጠሪያ ጨመሩበት፤ የማጣሪያውን ጥራት አሻሻሉ፤ በምሽት ለሚሠራ ሰው የሜትሩን መስኮት የሚያበራ መብራት አስገቡ። ማሻሻያዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ለብቻቸው በመጽሐፍ እስከ መሰብሰብ ደረሱ። በ1984 የወጣው ኤች ደብሊው-9 ደግሞ ቀጥተኛ ለውጥን ትቶ ወደ ሱፐርሄትሮዳይን ዘዴ ተሻገረ።

የማሻሻል ሥርዓት

ከዚህ የረጅም ዓመታት ልምድ ዛሬም የሚያገለግል ሥርዓት ተገኝቷል። ፍለጋው ከኃይል መስጫው ይጀምራል፤ ቮልቴጅ በሌለበት ምልክት መፈለግ ከንቱ ድካም ነውና። ከዚያም ሰርኪዩቱ እኩሌታው ላይ ይከፈላል፤ ከመካከል የተሰጠ የሙከራ ምልክት በማዳመጫው ከተሰማ ግማሹ ሰርኪዩት ከጥርጣሬ ነጻ ሆነ። ቴስተሩ ያሳየው ቁጥር ከሠንጠረዡ ጋር ይነጻጸራል፤ በግምት የሚነቀል ክፍል አይኖርም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጠረጠረ ሰው ምንም እንዳልጠረጠረ ይቆጠራል።

ለማሻሻልም እንዲሁ ሕግ አለው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ለውጥ በላይ አይደረግም። ለውጡ ከመደረጉ በፊትና በኋላ ይለካል። የተለወጠው ሁሉ በንድፉ ላይ በጽሑፍ ይመዘገባል፤ አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ መሣሪያውን የሚከፍተው ሌላ ሰው በማያውቀው አገር ያለ ካርታ እንደሚጓዝ መንገደኛ ይሆናል። ደግሞም ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ የሚቻል ለውጥ ከማይመለሰው ይሻላል፤ የፊት ገጹን በመሰርሰሪያ የበሳ ሰው ቀዳዳውን መድፈን አይችልምና።

የኪት ዘመን መምሸትና ቅሪቱ

ሂዝ ኩባንያ በ1962 በሽሉምበርዠር፣ በ1979 በዜኒት እጅ ገባ። ዜኒት ይበልጥ ያተኮረው በኮምፒዩተሩ ላይ ነበር። በፋብሪካ የተገጣጠመው መሣሪያ ከኪቱ እየረከሰ ሄደ፤ ክፍሎቹም እያነሱ ሄደው በተራ መበየጃ ለመያዝ አስቸገሩ። በመጨረሻ በ1992 ኩባንያው የኪት ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ።

ልማዱ ግን አልሞተም። በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ የአነስተኛ ኃይል አማተሮች ክበብ ዌይን በርዲክ የነደፈውን ኖርካል 40 የተባለ ኪት አሠራጨ። የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ዴቪድ ራትሌጅም በ1999 ባሳተሙት መማሪያ መጽሐፍ ይህንኑ ትንሽ ትራንሲቨር የትምህርቱ መሠረት አደረጉት፤ ተማሪው እያንዳንዱን ክፍል እያሰላ፣ እየበየደና እየለካ ራዲዮን ይማራል። የቤት ጠረጴዛ ልማድ በዚህ መልክ ወደ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ገባ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሕንዱ አሽሃር ፋርሃን ቢትኤክስ የተባለውን የ14 ሜጋኸርዝ ትራንሲቨር ንድፍ በነጻ አወጣ። ውድ ዕቃ በማይገኝበት አገር የሚኖር ገንቢን አስቦ የሠራው ስለ ነበር፣ ጥቅል ሽቦዎቹ የውኃ ቧንቧ ማጥበቂያ ቀለበት ላይ እንኳ እንዲጠመጠሙ አድርጎ ነደፈው። በ2017 መጨረሻ የመጣው ማይክሮ ቢትኤክስ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዝርያዎቹ ላይ ግን ገንቢዎች ከባድ ጉድለት ለኩ፤ በማጣሪያዎቹ ሬሌዎች ዙሪያ በሚደረግ መሹለክ ምክንያት ከተፈቀደው ሞገድ ውጭ ያለ ጨረራ በበቂ አይታፈንም ነበር። ይህ ጉድለት የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ግንኙነት ያውካልና። ገንቢዎቹ ልኬታቸውን በይፋ አቀረቡ፤ መፍትሔም ፈለጉ፤ በኋለኛው ዝርያ ሰርኪዩቱ ታረመ።

ከኤች ደብሊው-7 እስከ ማይክሮ ቢትኤክስ ያለውን ዘመን ስንመለከት አንድ እውነት ጎልቶ ይታየናል። ጉድለት የሌለበት መሣሪያ ከቶ አልነበረም። ጉድለቱን ወደ ትምህርት የለወጠው ንድፉ ክፍት መሆኑ ነው። ንድፉ የተደበቀ መሣሪያ ሲበላሽ ባለቤቱን ልመናና ወጪ ብቻ ያስተምረዋል፤ ንድፉ የተገለጠለት ግን ብልሽቱ ራሱ መምህሩ ይሆንለታል። እንግዲህ እኛም በየመሥሪያ ቤታችን መሣሪያ እንዲገዛ አስተያየት ስንጠየቅ ከዋጋውና ከጉልበቱ ጋር «ንድፉና የጥገና መምሪያው አብሮ ይመጣልን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። በእጃችን ያለፈውን ለውጥም መዝግበን ለሚቀጥለው ባለሙያ እንተውለት። ነገ ማብሪያውን አዙሮ ዝምታን የሚሰማው ወጣት፣ «ምልክቱ እስከ የት ደርሶ ቀረ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።