አውሮፕላን በድምፁ የሚለየው ጓደኛችን

የአየር ኃይላችን ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ብረቱ ነው። በ1969 እና 70 የኦጋዴን ጦርነት ኤፍ-5 ሚግ-21ን እንዴት እንደጣለ፣ በ1991 ሱ-27 ከሚግ-29 ጋር እንዴት እንደተጋጠመ... ማኪያቶውን ይዞ ይህን የሚተነትን ወጣት አይጠፋም። እኛም ወሬውን እንወደዋለን፣ አንዋሽም። ግን ደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) ላደገ ልጅ አየር ኃይል ከምንም በፊት ሰፈር ነው፤ የጎረቤት አባት፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ቱታ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ አብሮ አደጋችን ነው። ስሙን አንጽፍም። እናቱ በሕይወት አሉ፣ ኀዘኑም የእሳቸው ነው።

ይህ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን በድምፁ ይለይ ነበር። አንቶኖቭ፣ ሚግ፣ ሄሊኮፕተር... በብይ እንወራረዳለን፣ ብያችንን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። ስዊድናዊው ካውንት ቮን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልስ እንደነበር፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አየር ኃይሉን እንዳደራጀ፣ በመጨረሻም ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ እንደተገደለ መጀመሪያ የሰማነው ከእሱ ነው። እሱ ደግሞ ከጎረቤቶቹ።

1983 መጣ። ደርግ ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ። ትናንት ሲያልፉ ተነስተን ሰላም የምንላቸው አባቶች ‹‹የደርግ ወታደር›› ተባሉ። አንዳንዱ ካምፕ ገባ፣ አንዳንዱ ቤቱን ለቆ ሄደ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ አንድ ነገር ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ግን ከእነዚያው የተበተኑ አብራሪዎች መካከል ተመልሰው የተጠሩ ነበሩ። የተጠራው መጣ። ለምን እንደመጣ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል፣ አልተስማማንም።

ጓደኛችን ያን ጊዜ ውስጥ ነበር። አብራሪ ሊሆን ተፈትኖ ዓይኑ ጣለው (የጆሮ ፈተና ቢሆን ኖሮ!)፣ የሄሊኮፕተር መካኒክ ሆነ።

ግንቦት 28 ቀን 1990 የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን መቱ፤ በአይደር ትምህርት ቤት የነበሩ ሕፃናት አለቁ። በማግስቱ አስመራ ላይ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ። በደርግ ጊዜም አንዴ ተማርኮ ነበር፣ ይህ ሁለተኛው ነው። ከዚያ የአየር ድብደባው ለወራት ቆመ፣ በየካቲት 1991 እንደገና ቀጠለ። ጓደኛችን በዚያው ዓመት ከነሄሊኮፕተሩ ወደቀ።

መርዶው እንደ ወጉ ማልዶ መጣ። ሽማግሌዎቹን በር ላይ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። አስከሬን ስላልነበረ የተለቀሰው በፎቶውና በልብሱ ነው፤ ያቺ ቅባት የነካት ቱታ መሀል ተዘርግታ።

በጦርነቱ ከሁለቱም ወገን 70,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ስንቱ ነው? የበዛብህ ስም እንኳ ይታወቃል፣ ዕጣው ግን አይታወቅም። በኅዳር 1995 ቀይ መስቀል የተመዘገቡትን የመጨረሻ የጦር ምርኮኞች ወደ አገራቸው ሲመልስ እሱ አልነበረም። የኢትዮ-ኤርትራ የካሳ ኮሚሽንም በ1995 ውሳኔው የእሱን ጉዳይ አንስቶታል።

በሐምሌ 2010 ሰላም ወርዶ አዲስ አበባና አስመራ በአውሮፕላን ሲገናኙ፣ ለሃያ ዓመት የተለያየ ቤተሰብ እየተላቀሰ ሲሳሳም እናቱ በቴሌቪዥን ያዩ ነበር። ‹‹እንግዲህ መንገዱ ተከፍቷል፣ የወደቀበትን ማየት ይቻል ይሆን ልጆቼ?›› አሉን። እናጣራለን አልናቸው። ሳናጣራ በ2013 ሰሜኑ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁንም፣ እኛም አላነሳንባቸውም።

አሁን የያዝነው ሥራ ትንሽ ነው። አብረውት ያገለገሉትን እየፈለግን የሚያስታውሱትን በደብተር እንጽፋለን። አንዱ፣ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳ፣ ጦር ሜዳም ላይ ጀርባውን አዙሮ በሻይ ይወራረድ እንደነበር ነገረን። ‹‹አንድ ቀን ብቻ ተሸነፈ›› አለን፣ ‹‹እሱም የእኔ ሻይ ስላለቀ አዝኖልኝ ነው።››